ሥራ እስኪያልቅ የምንጠብቀው ዕረፍት



ባለፈው ዓረፋ ታላቅ ወንድማችን ወደ አዘና የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። ቤት እንደገባ እናታችን ያቀረበችለትን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ጋደም አለ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። የዒዱን ሶላት ሰግዶ፣ ከዘመድ ጋር ሰላም ተባብሎ፣ ተመልሶ ተኛ። እናታችን ግንባሩን እየዳሰሰች «ወባ ይዞት ይሆን እንዴ?» ትለን ነበር። ወባ አልነበረም፤ የሦስት ዓመት ድካም ነበር።

እኛ በማግስቱ ፈተና ስለነበረብን ወደ ግቢ ተመለስን። ከኋላችን ወንድማችን ስልክ ደወለ። ሰላምታም አላበዛም። «እናንተ ልጆች፣ አባባ ዓይኑ እንደማያይ ታውቃላችሁ?» አለን። አናውቅም ነበር። ሁለት ቀን አብረነው ውለን አድረን፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ ከጎኑ ቆመን ሰግደን አናውቅም ነበር።

እኛ በዚህ ግቢ የምንማር ሁለት ወንድማማቾች ነን። አንዳችን አራተኛ ዓመት ሲቪል፣ አንዳችን ሁለተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ምህንድስና። ይህን የሚጽፈው አንዳችን ቢሆንም ነገሩ የሁለታችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እዚህ «እኛ» ውስጥ ራሳችሁን ሳታገኙ አትቀሩም።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነው። አዊ ዞን፣ አዘና ውስጥ፣ ከመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ፣ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ አንዲት የሲንጀር መኪና እየረገጠ አሳድጎናል። የገበያ ቀን ከገጠር አገውኛ እያወሩ የሚመጡት ደንበኞቹ ጨርቃቸውን ይሰጡትና ገበያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ተሰፍቶ ይጠብቃቸዋል። የሦስታችንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የመድረሳ ጀለቢያም ከዚያች መኪና ሥር የወጣ ነው።

ወንድማችን በዚያ ጠዋት ሱቅ ሄዶ ከጎኑ ቁጭ ሲል ያየው ይህን ነው፦ አባታችን መርፌና ክር ይዞ ወደ በሩ ይወጣል፣ ወደ ብርሃን ያዞራል፣ ይሞክራል፣ ይተወዋል። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ልጅቷ ምንም ሳትጠይቅ መጥታ ክሩን አስገብታለት ትሄዳለች። ሳትጠይቅ የመጣችው የለመደችው ሥራ ስለሆነ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪ ይዞ ተመለሰ፤ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶበታል። ሰውዬው አልተቆጣም። «ችግር የለም፣ ለሥራ ነው የምለብሰው» ብሎ ሄደ። አባታችን ግን ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

እናታችን ታውቅ ነበር። «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ ታላቃቸውም ሥራ ላይ ነው፤ ነግረሽ እንዳታስጨንቂያቸው» ብሏት ኖሮ ዝም ብላለች። እኛ በየሳምንቱ እንደውላለን። «ደህና ናችሁ?» እንላለን፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይባላል፤ እንዘጋለን። ወንድማችን በየወሩ ብር ይልካል። ስልክም ብርም ግን መርፌ ይዞ ወደ በሩ የሚወጣ ሰው አያሳይም። ዒድ ቀን ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው፤ መርፌ የሚይዝ የለም። ከዓመት በዓሉ ማግስት አንድ ቀን አልፎ፣ ተራ ቀን ውሎ፣ ከጎኑ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያንን ጊዜ ያገኘው ፈቃድ የወሰደው ወንድማችን ብቻ ነበር።

እሱም ቢሆን ፈቃዱን የወሰደው በገዛ ፍላጎቱ አልነበረም። በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነው። ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ ማታ ደግሞ ሪፖርት አለ። እሑድም ቢሆን ሙሌት ካለ ሥራ አለ። በየዓመቱ ፈቃድ ለመጠየቅ ያስብና «ይህ የአፈር ሥራ ይለቅ»፣ ከዚያ «ካልቨርቶቹ ይለቁ»፣ ከዚያ «ዝናብ ሳይገባ አስፋልቱ ይጀመር» እያለ ሦስት ዓመት ሞላው። አለቆቹም «አሁን አንተ ብትሄድ ማን ይሠራዋል?» ይሉታል። ይህቺ ቃል ሙገሳ ትመስላለች። ወጣት መሐንዲስ ሲሰማት ደረቱ ይነፋል፤ ቦርሳውንም መልሶ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን ማታ የአንድ ካልቨርት የላይኛው ፌሮ ታስሮ አልቆ እንዲያይ ተጠራ። ንድፉ በየ15 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ የታሰረው በየ20 ሳንቲ ሜትር ነበር። እሱ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ። ኮንክሪቱ በማግስቱ ጠዋት ሊሞላ ነው። ፎርማኑ፣ በዕድሜ አባታችንን የሚያህሉ ሰው፣ ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ዝም አሉና «ኢንጂነር፣ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» አሉት። ከዚያ ሜትራቸውን አውጥተው ፌሮው ላይ ዘርግተው አሳዩት። ሌሊቱን ተፈትቶ እንደገና ታሰረ። እኚያ ሰው ባይኖሩ ያ ካልቨርት በዚያው ፊርማ ተሞልቶ፣ ከላዩ አፈር ለብሶ፣ አንድ ቀን የጭነት መኪና ይሄድበት ነበር። ወንድማችን ይህን ሲነግረን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፊርማ አማና ነው፤ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ እኔ ግን አልነበርኩም» አለን። በማግስቱ የፈቃድ ማመልከቻውን ጽፎ ሰጠ።

ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ማየት የተሳናቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። አንዱ በዕድሜ፣ አንዱ በሥራ ብዛት። እኛን ከቆጠራችሁን አራት።

ይህ ድካም የወንድማችን ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 ከመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 ከመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 72 ሰዓት ይደርሳል። በምህንድስና ትምህርት ማንኛውም ምሰሶ የሚሸከመው ልክ እንዳለው፣ ከልኩም በፊት የጥንቃቄ ኅዳግ እንደሚተውለት ተምረናል። ለራሳችን ግን ኅዳግ አንተውም።

አገራችንም ይህን ሳታስበው የቀረች አይደለችም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ በተወሰነ ሰዓት የመሥራት፣ የማረፍና እየተከፈለው ፈቃድ የመውሰድ መብት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዝርዝሩን ያስቀምጣል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ራሱ «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ አይጸናም። ፈቃዱም ቢተላለፍ ከሁለት ዓመት በላይ መተላለፍ የለበትም። የሥራ መሪ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ገና ስትቀጠሩ ውላችሁ ምን እንደሚል አንብቡ። ወንድማችን ይህን ሁሉ ያወቀው ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው። እኛ አራት ዓመት ስለ ኮንክሪት ስንማር ስለዚህ ነገር የነገረን ሰው የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሕግ አውጪው መብትህን ራስህ መተው አትችልም ያለበትን ምክንያት አስበነዋል። የሚመስለን ይህ ነው፦ ሰው ሥራ ውስጥ ሲሰምጥ ለራሱ ጠበቃ መሆን ያቅተዋል። የደከመ ሰው መድከሙን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዕረፍቱ እሱ ሲመቸው እንዲሆን ከተተወለት አይሆንም። ቀድሞ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

ዓረፋን አስቡት። ዛሬ ዓረፋ ሲሆን ቢሮና ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኛም ሻንጣችንን ይዘን ዳንግላን አልፈን፣ እንጅባራ ላይ መኪና ቀይረን ቤታችን እንገባለን። አያቶቻችን ግን በንጉሡ ዘመን ዒዳቸው የሕዝብ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው፣ አደባባይ ወጥተው ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን ይከበሩልን የሚል ነበር። ከለውጡ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ ዓረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ፤ በ1967ቱ የበዓላት አዋጅ ቁጥር 16 ውስጥም ገቡ። ያቺ እኛ ሃንድ አውት ይዘን ያሳለፍናት ቀን ሰዎች በእግራቸው ሄደው የጠየቋት ቀን ናት።

ጁሙዓም እንዲሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጁሙዓ ዕለት የጠዋቱ ሥራ 5:30 ላይ ቆሞ ከሰዓት 7:30 ይጀምራል። ሁለት ሰዓት። ስንቶቻችን ነን ያችን ሁለት ሰዓት ለግሩፕ ወርክ የምንሰጣት? ኹጥባው ሊያልቅ ሲል እየሮጥን ገብተን፣ አሰላሙ ዓለይኩም ሲባል የመጀመሪያ ሆነን የምንወጣው ስንቶቻችን ነን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጁሙዓ ጥሪ ሲደረግ ንግዱን ትተን እንድንሄድ ያዘዘን ንግዱ ሲያልቅ አይደለም። ንግድ አያልቅም። ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ተበትነን ችሮታውን እንድንፈልግ ፈቀደልን። ሥራውም ቦታ አለው፣ ማቆሙም ቦታ አለው። ሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ የሆነውን በቡኻሪ ውስጥ የምናገኘውን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ተጠምዶ ቤተሰቡን ዘንግቶ አገኘው። ጾሙን አስፈታው፤ ሌሊቱንም ‹ተኛ› እያለ አቆየውና መጨረሻው ላይ አብረው ሰገዱ። ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህ ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ የሚለውን ትምህርት ሰጠው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት እንደተናገረ አጸደቁለት።

ይህን ታሪክ መድረሳ ስንሰማ ስለ ኢባዳ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ስናነበው የሚታየን ሌላ ነገር ነው። አቡ ደርዳእ የተጠመደው በክፉ ነገር አልነበረም፤ ከሁሉ በሚበልጠው በጎ ነገር ነበር። እንዲያም ሆኖ የቤቱን ሁኔታ ያየለት ሊጠይቀው የመጣው እንግዳ ነው። መልካም ሥራ ራሱ ዓይን ሊጋርድ ይችላል ማለት ነው። ይህን የምንለው ለጀመዓችንም ነው። በየሳምንቱ ሙሐደራ፣ ደርስ፣ ስብሰባ እያዘጋጁ ለወራት ቤታቸውን ያላዩ፣ ትምህርታቸው እያሽቆለቆለ ‹እኔ ብተወው ማን ይሠራዋል?› የሚሉ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ያቺን ቃል ከየት እንደምናውቃት ነግረናችኋል።

የልጅነት ኡስታዛችን ሐሙስ ከሰዓትና ጁሙዓ መድረሳውን ይዘጉ ነበር። ቁርኣኑን ጨረሳችሁም አልጨረሳችሁም፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሎሓችንን አጥበን ግድግዳ ላይ እናስደግፍና እንበተናለን። አባታችንም ሐሙስ ማታ መኪናዋን ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ይሸፍናታል፤ ጁሙዓ ተሰግዶ እስኪወጣ አይገልጣትም። ደንበኛ ቢለምነውም «ብረቷም ሐቅ አላት» ይላል እየሳቀ። የአገራችን ገበሬዎችም ይህን ያውቁበታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ዓድዋን ሲዘክር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ የኖረ ገበሬ ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። «ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛልና ጥር 23 ወደ መጋቢት ይዛወርልኝ» ሲል ሰምተን አናውቅም። ቀኑ ስለተቆረጠ ሥራው ለቀኑ ይዘጋጃል።

«ዕረፍት የስንፍና ሌላ ስሟ ነው» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ስልክ ስንነካካ የምናነጋውን ሌሊት ዕረፍት ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ከዚያ ስንነሣ ከመተኛታችን በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞን ነው የምንነሣው። ሌላም እውነት አለ። ለብዙ ሰው የሚከፈልበት ፈቃድ የለውም። ካልቨርቱን የሚያስሩት የቀን ሠራተኞች ቀርተው ቢውሉ የዚያን ቀን እንጀራ የለም። አባታችን ራሱ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የለውም። ስለዚህ ዕረፍት ማግኘት የምንችል ሰዎች አለመውሰዳችን ጀግንነት ነው ብለን አናምንም። ነገ እኛም ሰው የምናሠራ መሐንዲሶች ስንሆን ደግሞ ዕረፍት የማያውቅ አለቃ በሥሩ ያሉትንም እንደማያሳርፍ እናስብ።

ወንድማችን ከዚያ በኋላ የቀሩትን የፈቃድ ቀናት ምን አደረገባቸው? አባታችንን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። በአገራችን ሰው ዓይኑን ከሚያጣባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ሞራ ነው፤ ደግነቱ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ተመላልሰው፣ ተራ ጠብቀው፣ የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። እሑዶቹን ጨምሮ ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነው። መንገዱ እሱ ሳይኖር አልቆመም፤ አብሮት የሚሠራ መሐንዲስ ሸፍኖለት ነበር። ሲመለስ የጎደለ ነገር ሳያገኝ ቀረ። «ትንሽ ከፋኝ» አለን እየሳቀ፤ «ከዚያ ግን ቀለለኝ።»

እኛም ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ቆርጠናል። አንደኛ፣ ጁሙዓ ከ5:30 እስከ 8:00 ሰዓት ድረስ ምንም ዓይነት የትምህርት ቀጠሮ አንይዝም፤ የግሩፕ አባሎቻችን ሙስሊም ያልሆኑትም ለምደውታል፣ እነሱም ያርፉበታል። ሁለተኛ፣ ሴሚስተር ሲያልቅ ቤት የምንሄድበትን ቀን ሴሚስተሩ ሲጀመር እንጽፈዋለን፤ ስንሄድም የበዓሉን ቀን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ተራ የሥራ ቀን አባታችን ሱቅ ቁጭ ብለን እንውላለን። ሦስተኛ፣ ተመርቀን ስንቀጠር ፈቃዳችንን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ሥራውንም ለማን እንደምናስረክብ ጨምረን፣ ዒዱ ሳይደርስ ቀደም ብለን እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ።

እናንተንም የምንጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ቤት ደውሉ። «ደህና ናችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። ሱቁ እንዴት ዋለ፣ ማን መጣ፣ ምን ሰፋህ፣ ምን ሸጥሽ በሉ። ከዚያ የምትሄዱበትን ቀን ቆርጣችሁ ንገሯቸው።

ባለፈው ስንሄድ አባታችን መርፌና ክር ይዞ ወደ በሩ ሲወጣ አየነው። ልናግዘው ተነሣን። «ተቀመጡ» አለን። ወደ ብርሃኑ አዞረና አንድ ጊዜ ሳተ፤ ሁለተኛ ጊዜ ገባለት። ምንም አልተናገረም፤ መኪናዋን መርገጥ ጀመረ። የጎረቤቷ ልጅ እንደ ልማዷ ብቅ ብላ፣ አይታ፣ ተመለሰች።

አላህ የወላጆቻችንን ዓይንም ጤናም ይጠብቅልን። ሐቃቸውን በጊዜው ከሚወጡት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።